ማዳበሪያን ማድበልበል ስንት ያስከፍላል? የማድበልበያ መሣሪያዎች የወጪ ንጽጽር ከአዊ ዞን አንጻር

(በእንጅባራ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች፣ ለግብርና ባለሙያዎች፣ ለተደራጁ ወጣቶችና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



የዛሬው ገለጻ የተነሣው ከአንድ ተደጋጋሚ ጥያቄ ነው። ኮምፖስትና የትል ኮምፖስት የሚያመርቱ የወጣት ማኅበራት ወደ ፋኩልቲያችን ሲመጡ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፕሮፎርማ በእጃቸው ይዘው «ከእነዚህ ማሽኖች የትኛው ይሻለናል?» ይላሉ። ሁሉም ፕሮፎርማዎች «ማዳበሪያን ወደ እንክብል የሚለውጥ» ስለሚባል መሣሪያ ይናገራሉ፤ ዋጋቸው ግን አንዱ የሌላውን አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ ወደ መምረጥ ያዘነብላሉ። የሚገዙት በብድር ነው፤ ዋስትናው የቤተሰብ ቤት ወይም የማኅበሩ ቁጠባ ነው። ስለዚህ ምርጫው ቢሳሳት የሚጎዳው ማሽኑ አይደለም።

የምከራከርለትን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር። የማድበልበያ መሣሪያ ዋጋ በፕሮፎርማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይታወቅም። ዋጋውን የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፦ መሣሪያው የሚፈልገው እርጥበት፣ ከእሱ ጋር የሚመጡት አጃቢ መሣሪያዎች፣ የሚያልቁት የብረት ክፍሎች፣ በዓመት ውስጥ የሚሠራባቸው ሰዓቶች። እነዚህን አራቱን ካልቆጠርን ርካሹ ውድ፣ ውዱም ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ለመሆኑ ለምን እናድበልብላለን?

ገበሬው በእጁ የሚያውቃቸው ዩሪያና ኤንፒኤስ እንክብሎች ናቸው። መጠናቸው በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ የተሠሩት ለውበት አይደለም። እንክብል በነፋስ አይበንንም፣ በመጋዘን ቶሎ አይጋገርም፣ በመስመር ሲዘራ ከእጅ እኩል ይወርዳል፣ በጆንያ ሲጫንም ቦታ ይቆጥባል።

ለእኛ ዞን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የባንጃ፣ የፋግታ ለኮማና የጓጉሳ ሽኩዳድ ደጋማ አፈር በአሲዳማነቱ የታወቀ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየምና ብረት ፎስፈረስን ይይዙትና ተክሉ እንዳያገኘው ያደርጋሉ። ፎስፈረስ በዱቄት መልክ ከተበተነ ከአፈሩ ጋር የሚነካካበት ገጽ ይበዛል፤ ብዙውም ይታሰራል። በእንክብል ውስጥ ተሰብስቦ ከዘሩ አጠገብ ሲቀመጥ ግን የሚታሰረው ያንሳል። እንግዲህ ማድበልበል ለፎስፈረስ የአግሮኖሚ ጥቅም አለው። ለኖራ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

አገራችን የት ላይ ቆማለች?

ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የምትጠቀምበት የኬሚካል ማዳበሪያ ከውጭ የሚገባ ነው፤ በጅቡቲ ወደብ በኩል ይመጣል። ኤንፒኤስ ከሚመጣባቸው ምንጮች አንዱ የሞሮኮው ኦሲፒ ኩባንያ ነው። በአገር ውስጥ ለማምረት የተደረጉ ሙከራዎች ብዙ ናቸው። በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደው የያዩ ፕሮጀክት ከፍጻሜ አልደረሰም። በ2009 ዓ.ም. ከኦሲፒ ጋር ለድሬዳዋ የተፈረመው ትልቅ ስምምነትም እስካሁን ፋብሪካ አልወለደም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል።

በእነዚህና በእኛ ጥያቄ መካከል አንድ መካከለኛ ምዕራፍ አለ፤ ብዙ ያስተምራል። የአፈር ካርታ ሥራው የአገራችን አፈር ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በተጨማሪ ድኝ፣ ቦሮንና ሌሎችም እንደሚጎድሉት ባሳየበት ጊዜ፣ አምስት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የማዳበሪያ ማደባለቂያ ፋብሪካ አቋቁመው ነበር፤ በክልላችን የባሕር ዳሩ መርከብ ዩኒየን አንዱ ነበር። ልብ በሉ፤ ማደባለቅ ማድበልበል አይደለም። ማደባለቂያው አስቀድመው የተድበለበሉ ልዩ ልዩ እንክብሎችን በልክ ያቀላቅላል እንጂ እንክብል አይሠራም። እንክብሎቹ ሁሉ ከውጭ የሚመጡ ነበሩ። ስለዚህ የፋብሪካው ዕድል በብረቱ ጥራት ሳይሆን በውጭ ምንዛሬና በጥሬ ዕቃ አቅርቦት ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ማሽን ጥሬ ዕቃ አይወልድም።

አምስቱ የመሣሪያ ዓይነቶች

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ። በገበያ የሚገኙትን በአምስት እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ዲስክ ነው። ያዘነበለ ትልቅ ምጣድ አስቡ፤ ከአግድም በ45 ወይም በ50 ዲግሪ ገደማ ዘምሞ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። የደቀቀ ዱቄት ይገባበታል፣ ውኃ ይረጭበታል፣ ዱቄቱ እየተንከባለለ ይድበለበላል። እናቶቻችን በሰፌድ ሲያንገዋልሉ የሚያደርጉትን ይመስላል፤ ትልልቁ ወደ ላይ ወጥቶ በጠርዙ ይወርዳል፣ ደቃቁ ከታች ይቀራል። በሰዓት አንድ ቶን ገደማ የሚያመርተው ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ7.5 ኪሎዋት ሞተር ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ እንክብሉም ክብና ያማረ ነው።

ሁለተኛው ተሽከርካሪ በርሜል ነው። ረጅም ብረት በርሜል በጥቂት ዲግሪ ተዳፍቶ ይዞራል። ታላላቅ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ኤንፒኤስን የመሰሉ ምርቶችን የሚሠሩት በዚህ ነው። በቀን ብዙ መቶ ቶን ለሚያመርት ይስማማል። ነገር ግን ልኩን ያልጠበቀው እንክብል ተፈጭቶ ይመለሳል፤ ከአንድ ቶን ምርት ጋር ሌላ ሁለትና ሦስት ቶን ተመላሽ በመስመሩ ውስጥ ሊዞር ይችላል። ያ ሁሉ ማጓጓዣና ማበጠሪያ ይፈልጋል። ለወጣት ማኅበር የሚሆን አይደለም።

ሦስተኛው ባለ ጥንድ መዳመጫ ነው። ሁለት ጠንካራ የብረት መዳመጫዎች ፊት ለፊት እየተሽከረከሩ ደረቅ ዱቄትን በከፍተኛ ግፊት ይጨምቁታል። ውኃ አይፈልግም፤ ስለዚህ ከኋላው ማድረቂያ የለም። ነገር ግን ወደ እሱ የሚገባው ዱቄት አስቀድሞ ከ10 በመቶ በታች እርጥበት ይኑረው ይላል። ለማዕድን ማዳበሪያ ይስማማል፤ ጭረት ለሚበዛበት ኮምፖስት ግን አይመችም። መዳመጫዎቹም ይበላሉ።

አራተኛው ባለ ቀዳዳ ሰሐን ነው። የሥጋ መፍጫን አስቡ። ተሽከርካሪ ጎማዎች ኮምፖስቱን በወፍራም ባለ ቀዳዳ ብረት ውስጥ ይገፉታል፤ በታች በኩል እንደ እርሳስ ቁራጭ ያለ ዱላማ እንክብል ይወጣል። ከ15 እስከ 20 በመቶ ባለው እርጥበት በደንብ ይሠራል፤ ጭረት ያለውንም ይታገሣል። በአንጻሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ሰሐኑና ጎማዎቹም በአሸዋና በአፈር ቶሎ ያልቃሉ።

አምስተኛው ባለ ጥርስ ማማሰያ ነው። በበርሜል ውስጥ ጥርስ ያለው ዘንግ በፍጥነት እየዞረ እርጥቡን ኮምፖስት እያማሰለ ያድበለብለዋል። እርጥብና ጭረታማ ኮምፖስትን የመቀበል ችሎታው ከሁሉ ይበልጣል። በሰዓት አንድ ቶን ለማምረት ግን 37 ኪሎዋት የሚደርስ ሞተር ይፈልጋል፤ ከኋላውም ማድረቂያ የግድ ነው።

የማይታየው ሒሳብ፦ ውኃ

ፕሮፎርማዎቹን ስታነጻጽሩ የዲስኩ ሞተር 7.5 ኪሎዋት፣ የባለ ቀዳዳ ሰሐኑ ደግሞ የዚያ ብዙ እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። «ዲስኩ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» ትላላችሁ። እውነት ነው። ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንከተለው።

የሚሸጠው እንክብል 10 በመቶ እርጥበት ይኑረው እንበል። በአንድ ቶን ምርት ውስጥ 900 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ ማለት ነው። በዲስክ ላይ እንክብሉ ሲወጣ 30 በመቶ እርጥበት ካለው፣ ያ 900 ኪሎ በ1,286 ኪሎ እርጥብ እንክብል ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቶን 286 ኪሎ ውኃ ማትነን አለብን። በባለ ቀዳዳ ሰሐን 18 በመቶ ላይ ከሠራን ግን የሚተነው 98 ኪሎ ብቻ ነው።

አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን በንድፈ ሐሳብ 2.3 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይበቃል፤ በተግባር ግን የማድረቂያው ብክነት ተጨምሮ 4 ሜጋጁል መገመት ተገቢ ነው። ለዲስኩ እንክብል በቶን 1,143 ሜጋጁል ይሆናል፤ ይህም ወደ 32 ሊትር ናፍጣ ወይም ወደ 76 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነው። ለባለ ቀዳዳ ሰሐኑ 390 ሜጋጁል፣ ማለትም ወደ 11 ሊትር ናፍጣ ወይም 26 ኪሎ እንጨት ነው። የዲስኩን የማድረቂያ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ መለኪያ ብንለውጠው 317 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ማድበልበያው ራሱ የወሰደው 7.5 ነበር። ሞተሩን አይተን የቆጠብን መስሎን ነበር፤ ምድጃው ከ40 እጥፍ በላይ ወሰደብን።

ሌላም ነገር አለ። ዲስክ የሚቀበለው በጣም የደቀቀ ዱቄት ነው። እርጥብ ኮምፖስት አይፈጭም፤ መፍጫውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ኮምፖስቱን አስቀድመን እናደርቃለን፣ እንፈጫለን፣ ከዚያ እንደገና ውኃ እንረጭበታለን፣ ከዚያ እንደገና እናደርቃለን። የባለ ጥንድ መዳመጫውም ነጻ አይወጣም፤ የማድረቁ ወጪ ከመስመሩ መጨረሻ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

የስሌት ምሳሌ

አሁን ሁለት መስመሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ግምቶች ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እናንተ በእጃችሁ ባለው ፕሮፎርማ ተኩአቸው። ዘዴው ግን አይለወጥም።

መስመር «ሀ» ባለ ቀዳዳ ሰሐን፣ መፍጫ፣ ማደባለቂያና በላስቲክ የተሸፈነ የፀሐይ ማድረቂያ ዳስ አለው፤ ጠቅላላ 2.5 ሚሊዮን ብር እንበል። መስመር «ለ» ዲስክ፣ ሁለት መፍጫ፣ በእንጨት የሚሠራ ማድረቂያ፣ ማቀዝቀዣና ማበጠሪያ አለው፤ ጠቅላላ 4.5 ሚሊዮን ብር እንበል። ሁለቱም በሰዓት አንድ ቶን ያመርታሉ። በበጋ 100 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠሩ 600 ቶን ይሆናል። ወለዱ 18 በመቶ፣ የብድሩም ሆነ የመሣሪያው ዕድሜ 10 ዓመት ይሁን። በዚህ ሁኔታ በየዓመቱ የሚከፈለው ከዋናው ገንዘብ 22.25 በመቶ ያህል ነው።

መስመር «ሀ» በቶን፦ የካፒታል ክፍያ 927 ብር። ሰሐንና ጎማ በየ300 ቶኑ በ120,000 ብር ቢለወጥ 400 ብር። ኤሌክትሪክ 80 ኪሎዋት ሰዓት በ5 ብር፣ 400 ብር። በዳስ ውስጥ እንክብሉን የሚያገላብጡ አራት ተጨማሪ ሠራተኞች በቀን 300 ብር፣ 200 ብር። ድምር 1,927 ብር።

መስመር «ለ» በቶን፦ የካፒታል ክፍያ 1,669 ብር። እንጨት 76 ኪሎ በ6 ብር፣ 456 ብር። የሚያልቁ ክፍሎች 50 ብር። ኤሌክትሪክ 40 ኪሎዋት ሰዓት፣ 200 ብር። ድምር 2,375 ብር።

በ600 ቶን ላይ መስመር «ሀ» በቶን 448 ብር ይረክሳል፤ በኩንታል 45 ብር ገደማ ነው። አሁን ግን ዓመቱን ሙሉ ሠርተን 1,800 ቶን እናምርት። የመስመር «ለ» የካፒታል ክፍያ በቶን ወደ 556 ብር ይወርዳል፤ ድምሩም 1,262 ብር ይሆናል። መስመር «ሀ» በክረምት በፀሐይ ማድረቅ ስለማይችል የአንድ ሚሊዮን ብር ማድረቂያ እንጨምርለት። ካፒታሉ በቶን 433፣ እንጨቱ 156፣ ሰሐንና ጎማው 400፣ ኤሌክትሪኩ 400፤ ድምሩ 1,389 ብር። ደረጃው ተገለበጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የካፒታል ክፍያ ምርት ሲበዛ ይከፋፈላል፣ የሚያልቅ ብረት ግን በእያንዳንዱ ቶን ላይ ይከተላል።

ስለዚህ «የትኛው ማሽን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «በዓመት ስንት ቶን ትሸጣላችሁ?» ከሚለው በፊት መልስ የለውም።

ዝናቡ፣ ጥሬ ዕቃውና ቦታው

ይህን ወደ ዞናችን እናምጣው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ዳንግላ ዝቅ ያለችና ዝናቧም ያነሰ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ለፀሐይ ማድረቂያ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ከግንቦት እስከ ጥቅምት በፀሐይ አደርቃለሁ ብሎ ማቀድ አይቻልም። ማዳበሪያ ደግሞ የሚፈለገው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው። ስለዚህ ምርቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ተመርቶ እስከ ዘር ወቅት በደረቅ መጋዘን መቀመጥ አለበት። የመጋዘኑ ኪራይና በእንክብሉ ላይ ታስሮ የቆየው ገንዘብ ወለድም በሒሳቡ ውስጥ መግባት ይኖርባቸዋል፤ ፕሮፎርማ ላይ አታገኟቸውም።

ጥሬ ዕቃውን እንቁጠር። አንድ የአገር ከብት በቀን ከሚጥለው ፍግ በበረት ውስጥ የሚሰበሰበውን አንድ ኪሎ ደረቅ ክብደት ብለን እንገምት። በዓመት 365 ኪሎ ይሆናል፤ ሲበሰብስ ግማሽ ያህሉን ስለሚያጣ ወደ 180 ኪሎ ይቀራል። ለ600 ቶን እንክብል 540 ቶን ደረቅ ኮምፖስት ያስፈልጋል፤ ይህ የ3,000 ከብት ፍግ ነው። ለ1,800 ቶን የ9,000 ከብት ፍግ ያሻል። ከብቱ በዞኑ አለ። ፍጉን ግን ከየበረቱ ሰብስቦ ወደ አንድ ግቢ የሚያመጣው ማን ነው? በስንት ብር? ገበሬው ራሱ ለጓሮ ድንቹ የሚፈልገውን ፍግ ለምን ይሸጥልናል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ 1,800 ቶን ብሎ ማቀድ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

ተስፋ የሚሰጡ ሌሎች ምንጮች አሉን። በጃዊ ወረዳ ያለው የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስና የጭማቂ ማጣሪያ ዝቃጭ ያወጣል። ዝቃጩ ፎስፈረስና ካልሲየም አለው፤ ሞላሰሱ ደግሞ ጥሩ ማጣበቂያ ነው። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ ተክለው ከሰል ያከስላሉ፤ ከከሰሉ የሚቀረው ብናኝ ከኮምፖስት ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ይሁንና በቅርብ ዓመታት በዲከረንስ ላይ የደረሰው በሽታ አንድን ጥሬ ዕቃ ብቻ ተማምኖ ፋብሪካ ማቋቋም ምን ያህል አስጊ እንደሆነ አሳይቶናል። የዚሁ ዛፍ ቅርንጫፍ ለማድረቂያው ነዳጅ እንዲሆን ለምታስቡም ማሳሰቢያው ያው ነው።

ኖራን ስለ ማድበልበል

አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም በዞናችን የታወቀ ሥራ ነው። ለአንድ ሔክታር የሚያስፈልገው በቶን የሚቆጠር በመሆኑ፣ ዱቄቱም ስለሚበንን፣ ብዙዎች «ኖራውን ብናድበለብለውስ?» ይላሉ። ቀደም ሲል ተቃራኒ ነው ያልሁት እዚህ ላይ ነው። ኖራ የሚሠራው ከአፈሩ ጋር በሰፊው ሲነካካ ነው፤ ለዚህም ነው እንዲደቅ የሚፈለገው። በጥንድ መዳመጫ ጨምቀን እንደ ድንጋይ ብናጠነክረው፣ ለማድቀቅ የከፈልነውን ገንዘብ መልሰን አጠፋነው ማለት ነው። ኖራ የሚድበለበል ከሆነ በዲስክ ላይ፣ በውኃ በሚሟሟ ማጣበቂያ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ፈርሶ ወደ ዱቄትነት እንዲመለስ ተደርጎ መሆን አለበት። ቀላል ፈተና አለ፤ እንክብሉን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጣሉት። በደቂቃዎች ውስጥ ካልፈረሰ አትግዙት፣ አትሽጡትም።

ወጪውን በተመለከተ ግን ለሙሉ ሔክታር የሚሆን ብዙ ቶን ኖራ ማድበልበል አዋጪ አይመስለኝም። በመስመር ከዘር ጋር ለሚደረግ አነስተኛ መጠን ብቻ ሊታሰብ ይችላል።

ከመፈረማችሁ በፊት

ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩን እነዚህን ጠይቁት። ዋጋው የማድበልበያው ብቻ ነው ወይስ የሙሉው መስመር? የተጻፈው የምርት መጠን በምን ጥሬ ዕቃ፣ በስንት እርጥበት የተለካ ነው? ለዶሮ መኖ የተለካ አኃዝ ለኮምፖስት አይሠራም። የሚያልቁት ክፍሎች የትኞቹ ናቸው፣ ዋጋቸው ስንት ነው፣ አገር ውስጥ ይገኛሉ? ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ይሸከመዋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሁለት ኩንታል የራሳችሁን ኮምፖስት ጭናችሁ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ፊት እንዲሠራ ጠይቁ። የትራንስፖርቱ ወጪ ከብድሩ ወለድ የአንድ ወር ድርሻ አይበልጥም።

ብድርን በሚመለከት፣ በክልላችን ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስን የመሳሰሉ ተቋማት ማሽን በሊዝ ያቀርባሉ። የሊዝ ጥቅሙ ማሽኑ ራሱ መያዣ መሆኑ ነው። ክፍያው ግን ማሽኑ ቢቆምም አይቆምም። የምርታችሁ ሽያጭ በግንቦትና በሰኔ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ወርኃዊ ክፍያ ሳይሆን ከወቅቱ ጋር የሚሄድ የክፍያ ሠሌዳ ጠይቁ።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ «ማሽኑን ከውጭ ከማስመጣት እዚሁ ወርክሾፕ ብናሠራውስ?»

መልስ፦ ለዲስክ አዎን። ዲስክ በመሠረቱ ላሜራ፣ ዘንግ፣ ሞተርና ፍጥነት መቀነሻ ማርሽ ነው፤ ጥሩ ብየዳና ልኬት ያለው ወርክሾፕ ይሠራዋል። ከውጭ የሚመጡት ሞተሩና ማርሹ ብቻ ይሆናሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ከፍ ያለ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ክፍል በበዛ ቁጥር የመለዋወጫ ወጪያችሁ ለእንዲህ ያለው ለውጥ ይጋለጣል። ባለ ቀዳዳ ሰሐን ግን በልዩ ሙቀት የጠነከረ ብረት ይፈልጋል። በተራ ብረት የተሠራ ሰሐን መጀመሪያ ላይ ይረክሳል፤ ቀዳዳው ግን ቶሎ ይሰፋል፣ እንክብሉም ይላላል። በምሳሌአችን 400 ብር ያልነው የቶን ወጪ 800 ቢሆን መስመር «ሀ» በ600 ቶን ላይ የነበረው ብልጫ ከሞላ ጎደል ይጠፋል።

ጥያቄ፦ «እኔ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። ኮምፖስቱን በዱቄቱ ብንጠቀም ምን ይጎዳናል? ለምን 193 ብር በኩንታል እንጨምርበት?»

መልስ፦ ከዛሬው ጥያቄዎች ሁሉ ዋናው ይህ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ኮምፖስት በኩንታል 1.5 ኪሎ ብቻ ይይዛል። የአንድ ኩንታል ዩሪያን ያህል ናይትሮጅን ለማግኘት ወደ 31 ኩንታል ኮምፖስት ያስፈልጋል። ያን ሁሉ አድበልብለን በኩንታል 193 ብር ብናወጣ፣ ቅርጹን ለመቀየር ብቻ ወደ 6,000 ብር አወጣን። ኮምፖስቱ በተሠራበት ቀበሌ የሚውል ከሆነ ማድበልበል ትርፍ የለውም፤ በአህያ ጭናችሁ፣ በትኑትና እረሱበት። ማድበልበል ትርጉም የሚኖረው በሦስት ሁኔታዎች ነው፦ ምርቱ ወደ ሩቅ ገበያ ሲሄድ፤ ፎስፈረስ ተጨምሮበት ዋጋው ከፍ ሲል፤ ወይም በመስመር ከዘር ጋር ለሚደረግ አነስተኛ መጠን ሲሆን። የከተማ ጓሮ፣ የችግኝ ጣቢያና የአበባ ገበያም በዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ «ታዲያ እንክብል ኮምፖስት ዩሪያንና ኤንፒኤስን ይተካልን? በ2015 ዓ.ም. እንዳየነው ዓይነት እጥረት ቢመጣ ያድነናል?»

መልስ፦ አባቴ፣ አይተካም። 600 ቶን እንክብል በ1.5 በመቶ 9 ቶን ናይትሮጅን ይይዛል፤ ይህም የ200 ኩንታል ዩሪያ ያህል ነው። ለጥቂት ቀበሌ እንጂ ለዞን አይበቃም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ኮምፖስት አፈሩ የተሰጠውን ማዳበሪያ እንዲይዝ፣ አሲዳማነቱም የሚያደርሰው ጉዳት እንዲቀንስ ይረዳል፤ ስለዚህ በብዙ ገንዘብ የገዛችሁት ኤንፒኤስ ይበልጥ ይሠራላችኋል። «ማዳበሪያ ከውጭ መግዛት ይቀራል» ብሎ ማሽን የሚሸጥላችሁ ካለ፣ ይህን የ200 ኩንታል ስሌት አሳዩት።

ለወጣቶቹ ማኅበራት የምሰጠው የመጨረሻ ምክር የሚከተለው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማሽን አትግዙ። ጥሩ ኮምፖስት አምርታችሁ፣ በጆንያ ሞልታችሁ፣ በዱቄቱ ሽጡ። 200 ቶን ሸጣችሁ ገንዘቡን ከሰበሰባችሁ፣ ገዢዎቻችሁ እነማን እንደሆኑና እንክብል ቢሆን ስንት እንደሚጨምሩላችሁ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ፕሮፎርማችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቁጭ ብለን በእናንተው ቁጥር እናሰላዋለን።